ሳያረጋግጡ ያለማመን፦ "ዜሮ ትረስት" የሳይበር ደህንነት አሠራር በወረዳ መሥሪያ ቤቶችና በትምህርት ቤቶች

የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ አረርቲ በአማራ ክልል የሰሜን ሸዋ ዞን ደቡባዊ ክፍል፣ የኦሮሚያ ክልል በሚዋሰነው አካባቢ ትገኛለች። አካባቢው በጤፍና በሽምብራ ምርቱ በሰፊው የታወቀ ሲሆን፣ በግብርና ምርምር ከተለቀቁ የሽምብራ ዝርያዎች አንዱም "አረርቲ" የሚል ስያሜ ይዟል። የከተማዋ ስም ከሳይበር ደህንነት ጋር ተያይዞ ሲነሣ ግን እምብዛም አይሰማም። ስለ ሳይበር ጥቃት ሲወራ የሚታሰቡት ባንኮች፣ የቴሌኮም ድርጅቶችና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ናቸው።

ይሁንና በማንኛውም የወረዳ ዋና ከተማ የሚገኙ ጽሕፈት ቤቶች በኮምፒውተር የሚይዙት መረጃ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። የገንዘብ ጽሕፈት ቤት የልዩ ልዩ ሴክተር መሥሪያ ቤቶችን በጀትና ሂሳብ በአንድ ቋት ይዞ የመምህራንን፣ የጤና ባለሙያዎችንና የግብርና ልማት ሠራተኞችን ደመወዝ ያንቀሳቅሳል። የመሬት ጽሕፈት ቤት የአርሶ አደሩን የይዞታ ማረጋገጫ ይመዘግባል። የትምህርት ጽሕፈት ቤትና ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን ሮስተር፣ የመምህራንን የግል ማኅደርና የፈተና ምዝገባን ይይዛሉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባም ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን ይመዘግባል። ከእነዚህ አንዱ ቢበላሽ ወይም በማይታወቅ እጅ ቢለወጥ የሚጎዳው ደመወዙ የሚዘገይበት መምህር ወይም የማሳው ወሰን የሚያከራክረው አርሶ አደር ነው።

እንዲህ ያለውን መረጃ ለመጠበቅ በዓለም ላይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተቀባይነት ያገኘው አሠራር "ዜሮ ትረስት" ይባላል። ቃል በቃል "ዜሮ እምነት" ማለት ቢሆንም፣ ትርጉሙ ይበልጥ የሚገለጸው "ሳያረጋግጡ ያለማመን" በሚለው ነው። ስሙ ለመንግሥት ሠራተኛ ጆሮ ደስ የሚል አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን እንደማያምን የሚናገር ይመስላል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ብሂል የሚያስታውስም አይጠፋም። ነገር ግን ጥርጣሬ ሰውን እየመረጠ የሚያርፍ ሲሆን ይህ አሠራር ማንንም አይመርጥም። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም ሆነ ትናንት የተቀጠረው ጀማሪ ባለሙያ እኩል ይጠየቃሉ፣ እኩል ይረጋገጣሉ። ከዚህም በላይ፣ ቀጥሎ እንደሚታየው፣ ሐሳቡ በመንግሥት የገንዘብና የንብረት አስተዳደር ውስጥ ለረዥም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ እንጂ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።

የሐሳቡ መነሻ

ስያሜው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ፎረስተር በተባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት ይሠራ በነበረው በጆን ኪንደርቫግ አማካይነት ነው። ኪንደርቫግ የተቃወመው በጊዜው ሁሉም መሥሪያ ቤት ይከተለው የነበረውን የአጥር አስተሳሰብ ነበር። በዚያ አስተሳሰብ መሠረት የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር መረብ እንደ ግቢ ይታያል፤ በግቢው በር ላይ ፋየርዎል የተባለው መከላከያ ይቆማል፤ በሩን አልፎ የገባ ሁሉ እንደ ቤተሰብ ይቆጠራል። ጉዳቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሠራተኛ በኢሜይል የተላከለትን የማታለያ መልእክት ከፍቶ የይለፍ ቃሉን ቢሰጥ፣ አጥቂው በዋናው በር የገባ ሕጋዊ ሰው ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘዋወር የሚጠይቀው አይኖርም።

ጎግል እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ከባድ የሳይበር ጥቃት ከደረሰበት በኋላ "ቢዮንድኮርፕ" የተባለውን አሠራር ዘርግቶ፣ ሠራተኞቹ በመሥሪያ ቤቱ መረብ ውስጥ በመገኘታቸው ብቻ እንዳይታመኑ አደረገ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ባወጣው 800-207 በተሰኘው ሰነድ ለአሠራሩ መደበኛ ትርጓሜ ሰጠው። በግንቦት 2021 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ባወጡት ትእዛዝ ቁጥር 14028 ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ወደ ዜሮ ትረስት የሚሸጋገሩበትን ዕቅድ እንዲያዘጋጁ ተደረገ።

የሰነዱ ፍሬ ሐሳብ በአጭሩ ሲገለጽ፣ አንድ ሰው መረጃ ለማየት ወይም ለመለወጥ በጠየቀ ቁጥር ማን እንደሆነ፣ የሚጠቀምበት ኮምፒውተር ጤናማ መሆኑና ሥራው ያንን መረጃ የሚያስፈልገው መሆኑ ይጣራል፤ ለሥራው ከሚበቃው በላይ ፈቃድ አይሰጠውም፤ ያደረገውም ሁሉ ይመዘገባል። ከዚህ ሌላ፣ አጥቂ ምናልባት ቀድሞ ገብቶ ሊሆን እንደሚችል ታስቦ ይሠራል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። "ዜሮ ትረስት" የሚል ስም ለጥፈው ዕቃ የሚሸጡ ኩባንያዎች ብዙ ናቸው። ዜሮ ትረስት ግን የአሠራር ሥርዓት እንጂ በጨረታ ተገዝቶ በንብረት ክፍል በሞዴል 19 ገቢ የሚደረግ ዕቃ አይደለም።

በአገራችን የታየው

በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በመረብ የማገናኘት ሥራ የተጀመረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ነው። ወረዳኔት የወረዳ አስተዳደሮችን ከክልልና ከፌዴራል መንግሥት ጋር በሳተላይት ጭምር በማገናኘት የቪዲዮ ስብሰባ፣ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት እንዲያገኙ አስችሏል። ስኩልኔት ደግሞ ከ1997 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት እንዲተላለፍ አድርጓል። ሁለቱም በዘመናቸው ትልቅ እርምጃ የነበሩ ሲሆን፣ የተዘረጉት በጊዜው በነበረው የአጥር አስተሳሰብ ነበር። ያ አስተሳሰብ ዛሬ የማይበቃበት ምክንያት ግልጽ ነው። የዛሬው የወረዳ ባለሙያ ሪፖርቱን በግል ስልኩ ያዘጋጃል፣ በቴሌግራም ይልካል፣ በግል የጂሜይል አድራሻው ደብዳቤ ይቀበላል፣ ፋይሉን በፍላሽ ወደ ሌላ ቢሮ ይወስዳል። ግቢው አጥሩን አልፎ ሄዷል።

የመንግሥት መረቦችን ደህንነት የመጠበቅ ኃላፊነት የተሰጠው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት መሥሪያ ቤት (ኢንሳ) በ1999 ዓ.ም. በኤጀንሲነት የተቋቋመና በአዋጅ ቁጥር 808/2006 እንደገና የተደራጀ ነው። ኢንሳ ሰኔ 10፣ 12 እና 13 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የውኃ ሙሌት ጋር በተያያዘ፣ ራሱን "ሳይበር ሆረስ ግሩፕ" ብሎ የሚጠራውን ጨምሮ መነሻቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች በመንግሥት ተቋማት ድረ ገጾች ላይ የሰነዘሩትን የጥቃት ሙከራ ማክሸፉን ማሳወቁ ይታወሳል። ይህ ከውጭ የመጣ ጥቃት ነው፤ ከውጭ ለሚመጣ ጥቃት አጥር ይጠቅማል።

ከዚህ የተለየ ትምህርት የሰጠው ግን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የደረሰው ክስተት ነው። በዚያ ሌሊት ለጥቂት ሰዓታት የባንኩ ሥርዓት ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በፍጥነት ተዛምቶ በገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት ረዣዥም ሰልፎች ታዩ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ መንቀሳቀሱን፣ አብዛኛውንም ማስመለሱን አስታውቋል። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ባንኩም ሆነ ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ የተከሰተውም በባንኩ የራሱ የሥርዓት ማሻሻያና የፍተሻ ሥራ ወቅት እንደሆነ መግለጻቸው ነው። አጥሩን ማንም አልጣሰም። ካርዱ የደንበኛው፣ የምስጢር ቁጥሩም የደንበኛው ነበር። የጎደለው "ይህ ሰው ማን ነው" ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው "የጠየቀው ይገባዋልን" የሚለው ጥያቄ ነበር። ዜሮ ትረስት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በየጊዜውና በየበሩ እንዲጠየቁ ያደርጋል።

ያለ ፊርማ የሚወጣ ሞዴል 22

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው አንድ እስክሪብቶ እንኳ ከንብረት ክፍል እንዴት እንደሚወጣ ያውቃል። ጠያቂው ሞዴል 20 ይሞላል፣ ኃላፊው ያጸድቃል፣ ንብረት ክፍሉ በሞዴል 22 ወጪ ያደርጋል፣ ተረካቢው ይፈርማል። ክፍያም ሲፈጸም ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠውና ያጸደቀው ሰው የተለያዩ መሆን አለባቸው። ማኅተሙና ቲተሩ በአንድ ሰው መሳቢያ እንዳይቀመጡ ይደረጋል። ዋና ገንዘብ ያዡ የሃያ ዓመት ባልደረባ ቢሆንም የካዝና ቆጠራ አይቀርለትም፤ እሱም እንደ ስድብ አይቆጥረውም። ይህ ሁሉ ዜሮ ትረስት ነው፤ ልዩነቱ በወረቀት መሆኑ ነው።

አሳሳቢው ነገር ሥራው ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ይህ ሥርዓት ብዙ ጊዜ አብሮ አለመዛወሩ ነው። በወረዳ ደረጃ ለበርካታ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው አይቤክስ የተባለው የበጀትና የወጪ ሂሳብ ሥርዓትም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጡት ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለየ መለያና የሥራ ድርሻ ለመስጠት ያስችላሉ። ሆኖም የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለዘገባ ሥራ በተለያዩ ጊዜያት በገባባቸው የመንግሥት ቢሮዎች፣ የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ በኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ተመልክቷል። በአንዱ ቢሮ ኃላፊው "የእኔን የሚያውቀው ጸሐፊዬ ነው" ሲል የገለጸው ያለ ምንም ሐፍረት፣ እንዲያውም እንደ መልካም የሥራ ቅንጅት ነበር። በዚያች ቅጽበት አዘጋጅም አጽዳቂም አንድ ሰው ሆነዋል። በወረቀት ዘመን ቢሆን ኖሮ ይህ ኃላፊ ፊርማውን ለጸሐፊው አስለምዶ ቼክ እንድትፈርምለት አድርጓል ማለት ነበር።

የጋራ የይለፍ ቃል ሌላም መዘዝ አለው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ መግባትን፣ መረጃን ማጥፋትንና መለወጥን በወንጀል ያስቀጣል። አምስት ሰዎች በአንድ መለያ በሚገቡበት ቢሮ ግን መዝገቡ የሚያሳየው "ገንዘብ1" የሚባል ተጠቃሚ ነው እንጂ ሰው አይደለም። አጥፊው ይሸሸጋል፤ ንጹሐን የሆኑት አራቱ ደግሞ ራሳቸውን የሚያጸዱበት ማስረጃ አይኖራቸውም። ዜሮ ትረስት ሠራተኛውን ይጠራጠራል የሚለው ቅሬታ ከዚህ አንጻር ሲታይ ተገላቢጦሹ እውነት ነው። ለአንድ የደመወዝ ሂሳብ ሠራተኛ ከራሱ መለያና ከዝርዝር ምዝገባ የተሻለ ጠበቃ የለውም።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የሠራተኛ ዝውውር ጉዳይ ነው። አንድ ሠራተኛ ሲለቅ ወይም ሲዛወር ክሊራንስ ይዞ ከንብረት ክፍል፣ ከሂሳብ ክፍልና ከቤተ መጻሕፍት ያስፈርማል። ወንበርና ጠረጴዛ ያስረክባል። የኮምፒውተር መለያው መዘጋቱን የሚጠይቅ መስመር ግን በክሊራንስ ቅጹ ላይ በአብዛኛው አይገኝም። ሰውዬው ሌላ ወረዳ ሥራ ጀምሮ ሳለ መለያው በቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ሕያው ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለ የተረሳ መለያ ምን እንደሚያስከትል በዓለም ደረጃ የታየው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ለአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ነዳጅ የሚያስተላልፈው ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለው ኩባንያ ሥራውን ለቀናት ለማቆም የተገደደው አጥቂዎች አገልግሎት ላይ በማይውል ነገር ግን ባልተዘጋ መለያ ስለገቡ ነበር፤ ኩባንያው 4 ነጥብ 4 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። በክሊራንስ ቅጽ ላይ አንድ መስመር መጨመር ግን ምንም ወጪ የለውም።

የመሬት መዝገብ

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ በስፋት ሲካሄድ የቆየ ሥራ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ለአርሶ አደሩ የይዞታ ደብተር የተሰጠ ሲሆን፣ በሁለተኛው ደረጃ ደግሞ እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ተለክቶ እየተመዘገበ መረጃው ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት ወደተባለው የኮምፒውተር ቋት እንዲገባ ይደረጋል። እንደ ምንጃር ጤፍ አምራች በሆነ አካባቢ የማሳ ወሰን ቀላል ነገር አይደለም።

የወረቀት ደብተር አንድ ቅጂው በአርሶ አደሩ እጅ ስለሚገኝ፣ መዝገቡ ቢነካካ ማመሳከሪያ አለ። በኮምፒውተር ላይ የሚደረግ ለውጥ ግን ድምፅ የለውም፤ ያልተመዘገበ ከሆነ ዱካም የለውም። እዚህ ላይ ዜሮ ትረስት የሚጠይቀው ከመረጃ ምስጢራዊነት ይልቅ የመረጃን ትክክለኛነት ነው። የይዞታ ስም ወይም ወሰን ሲለወጥ አንዱ ባለሙያ ያስገባል፣ ሌላው ያጸድቃል፣ የቀድሞው ቅጂ አይጠፋም፣ ለውጡ በማን፣ መቼና በየትኛው ማመልከቻ መነሻ እንደተደረገ ይቀመጣል። የመዝገቡን መቆጣጠሪያ የሚያይ ሰው ደግሞ መዝገቡን ለመለወጥ ፈቃድ የሌለው ሊሆን ይገባል። ሁሉን ማድረግ የሚችል "አድሚን" የተባለ አንድ መለያ ካለ፣ በዚያ መለያ ዕለታዊ ሥራ እንዳይሠራበት ማድረግ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ትምህርት ቤቶች

የትምህርት ዘርፍ በመታመን ላይ ብቻ የተመሠረተ አሠራር ምን እንደሚያስከፍል በአገራችን በተግባር አይቷል። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. ሊሰጥ የነበረው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወረቀቶች ቀድመው በማኅበራዊ መገናኛዎች በመውጣታቸው ፈተናው ተሰርዞ በሌላ ጊዜ እንዲሰጥ ተደረገ፤ ከ250 ሺህ በላይ ተማሪዎች ዝግጅታቸውን እንደገና መጀመር ነበረባቸው። ፈተናው የታሸገ ነበር። ከማተሚያ ቤት እስከ መፈተኛ ጣቢያ ባለው ረዥም ሰንሰለት ውስጥ ግን አንድ ቀዳዳ ሁሉን አፈሰሰ።

የትምህርት ሚኒስቴር የ2014 ዓ.ም. ፈተናን በጥቅምት 2015 በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ማድረጉ ትልቅ ለውጥ ነበር። ውጤቱ ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ መሆናቸው አገሪቱን አነጋገረ። በሳይበር ደህንነት ቋንቋ ከታየ ግን ይህ እርምጃ አጥሩን ማጥበቅ ነው፤ ጠንካራ ግቢ፣ ጥብቅ ፍተሻ፣ ስልክ የማይገባበት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር መረብ መሰጠት ሲጀምር ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ተፈታኙ የተመዘገበው ሰው ራሱ መሆኑ፣ ኮምፒውተሩ ሌላ ፕሮግራም የማይከፍት መሆኑ፣ የፈተናው ጥያቄ ከተወሰነው ሰዓት በፊት ለማንም፣ ለሥርዓቱ አስተዳዳሪም ጭምር የማይገለጥ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በጥበቃ ሠራተኛ የሚሠራ ግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ በየጥያቄው የሚደረግ ማረጋገጫ ነው።

ከዚያ በታች ያለው የየዕለቱ ሥራ ደግሞ ብዙም ትኩረት አያገኝም። በሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የተቀጠሩ ሰዎች ጉዳይ የመንግሥት ሰው ኃይል ሲጣራ በተደጋጋሚ የሚነሣ ነው። እስካሁን ማጣራቱ የሚካሄደው ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ተጽፎ የሪከርድ ክፍሉ ከሮስተሩ ጋር እያመሳከረ ሲመልስ ነው። ሮስተሩ በአንድ ኮምፒውተር ላይ በሁሉም መምህራን በሚታወቅ የይለፍ ቃል የሚከፈት ሠንጠረዥ ከሆነ፣ ሐሰተኛ ማስረጃ ማዘጋጀት ማተሚያ ቤት አያስፈልገውም፤ ማመሳከሪያው ራሱ ሐሰተኛ ይሆናል። መምህሩ የራሱን ትምህርት ዓይነትና የሚያስተምራቸውን ክፍሎች ውጤት ብቻ እንዲያስገባ፣ የማስገቢያው ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚደረግ እርማት በዩኒት መሪና በርእሰ መምህር እንዲጸድቅ፣ የቀድሞው ውጤትም ተሰርዞ ሳይሆን ተቀምጦ እንዲታይ ማድረግ ይገባል። የተማሪዎች የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ደግሞ ከሪከርድ ክፍልና ከሂሳብ ቢሮ ጋር በአንድ መረብ መያያዝ የለበትም። ሌላ መፍትሔ ቢጠፋ ሁለቱን የሚያገናኘውን ገመድ መንቀል ይቻላል።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በሰሜን አሜሪካ በርካታ ትምህርት ቤቶች የተማሪ መረጃ የሚይዙበት ፓወርስኩል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራን መረጃ ተሰረቀበት። አጥቂው የተጠቀመው በአንድ የተሰረቀ የይለፍ ቃል ወደ ደንበኞች መርጃ ገጽ በመግባት ነበር፤ በዚያ በር ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረም። ኩባንያው ገንዘብ ቢከፍልም ከጥቂት ወራት በኋላ ትምህርት ቤቶች በተሰረቀው መረጃ እንደገና ማስፈራሪያ ደረሳቸው። ጥፋቱን ያመነው የ19 ዓመት ወጣት ተማሪ ነበር።

ሕጉና የፋይዳ መታወቂያ

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰቦችን መረጃ የሚይዙ አካላት ለሕጋዊና ለተወሰነ ዓላማ ብቻ እንዲጠቀሙበትና ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርጉለት ግዴታ ይጥላል፤ የቁጥጥሩ ኃላፊነት ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይህን ግዴታ የባንኮችና የንግድ ድርጅቶች ጉዳይ ብቻ አድርገው ሊያዩት አይገባም። የተማሪ ስም ዝርዝር ከወላጅ ስልክ ቁጥር ጋር በሕዝብ የቴሌግራም ገጽ ላይ ሲለጠፍ የግል መረጃ መለቀቁ ነው።

በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ መታወቂያ ለዜሮ ትረስት ጥሩ መሠረት ይሆናል። ባለ 12 አኃዙ ቁጥር ከጣት አሻራና ከዓይን ብሌን ጋር የተያያዘ በመሆኑ አንድ ሰው በሁለት ስም እንዳይመዘገብ ይረዳል። ይሁን እንጂ ፋይዳ የሚመልሰው "ይህ ሰው ማን ነው" የሚለውን ብቻ ነው። ያ ሰው የምንጃር ሸንኮራን የደመወዝ ዝርዝር ለማጽደቅ ሥልጣን አለው ወይ የሚለውን መሥሪያ ቤቱ ራሱ መመለስ ይኖርበታል። ለዚህም የሥራ መደቡና የፈቃዱ ዝርዝር በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ከሰው ሀብት ማኅደሩ ጋር መያያዝ አለበት። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይህን ዝርዝር ሳያዘጋጁ ሶፍትዌር ያስገባሉ፤ ውጤቱ ሁሉም ሰው ሁሉን እንዲያይ መፍቀድ ይሆናል።

ከየት ይጀመር

አንድ ወይም ሁለት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሙያ ባለው ወረዳ የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶችን ዕቅድ መገልበጥ አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። የአሜሪካ የሳይበር ደህንነትና የመሠረተ ልማት ኤጀንሲ ራሱ ያወጣው የዕድገት መለኪያ ሥራውን በማንነት፣ በመሣሪያ፣ በመረብ፣ በመተግበሪያና በመረጃ ከፍሎ ደረጃ በደረጃ እንዲሄድ ይመክራል። ለወረዳ የሚበጀው ከማንነት መጀመር ነው፤ ምክንያቱም በብዛት ሥርዓትን እንጂ ግዢን አይጠይቅም።

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መለያ ይኖረዋል፤ የጋራ መለያዎች ይዘጋሉ። ቀጥሎ በኢሜይል፣ በቴሌግራምና በሂሳብ ሥርዓቶች ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንዲሠራ ይደረጋል። ማይክሮሶፍት ከተጠለፉ መለያዎች 99 ነጥብ 9 በመቶ ያህሉ ሁለተኛ ማረጋገጫ ያልነበራቸው መሆኑን ገልጾ ነበር። በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥርን ለማንም፣ "ከኃላፊው ነው የምደውለው" ለሚልም ቢሆን አለመስጠት የዚሁ አካል ነው። የይለፍ ቃልን በየወሩ ማስቀየር ግን የሚመከር አይደለም፤ ኒስት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቃሉ ረዥም እንዲሆንና መውጣቱ ሲጠረጠር ብቻ እንዲለወጥ ያሳስባል። በየወሩ የሚያስቀይር መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ቃላቸውን በወረቀት እንዲለጥፉ ያስገድዳቸዋል።

የመሣሪያ ጉዳይም አለ። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 14 ቀን 2025 ጀምሮ መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ አያገኝም። በወረዳ ቢሮዎች ያሉት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ከዚህ በላይ ለሆነ ሥርዓት አቅም ላይኖራቸው ይችላል። በአንድ ጊዜ ሁሉን መተካት ስለማይቻል ደመወዝ፣ የመሬት መዝገብና የሪከርድ ሥራ የሚሠራባቸው ጥቂት ኮምፒውተሮች ቅድሚያ ተሰጥቷቸው ሌላ ሥራ እንዳይሠራባቸው፣ የማንም ፍላሽ እንዳይሰካባቸው ማድረግ ይሻላል።

ከሁሉ አስቸጋሪው የግንኙነት መቆራረጥ ነው። ዜሮ ትረስት በበለጸጉ አገሮች የሚተገበረው ማንነትን በየጊዜው በኢንተርኔት እያረጋገጡ ነው። መብራትና ኢንተርኔት በሚቋረጥበት አካባቢ ይህ ሥራን ያቆማል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የኢንተርኔት አገልግሎት ለረዥም ወራት ተቋርጦ መቆየቱ፣ ማረጋገጫው ሙሉ በሙሉ በሩቅ ሰርቨር ላይ የተመሠረተ ሥርዓት ለወረዳ እንደማይበጅ ያሳያል። ስለዚህ የፈቃድ ዝርዝሩ በወረዳው ውስጥም ቅጂ ሊኖረው፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ የማረጋገጫ ዘዴዎች ሊመረጡ፣ በተቋረጠበት ጊዜ የተሠራውም ሥራ ግንኙነቱ ሲመለስ በሁለተኛ ሰው ሊጸድቅ ይገባል። ለእንዲህ ያለ ጊዜ በወረቀት የሚሠራበት አማራጭም አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 የአትላንታ ከተማ አስተዳደር 51 ሺህ ዶላር በቢትኮይን እንዲከፍል በጠየቁ አጥቂዎች መረቡ ሲዘጋበት ሠራተኞቹ ለቀናት በእጅ ለመጻፍ ተገድደው ነበር።

እንዲህ ካለው ጥቃት የሚያድነው በመጨረሻ መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ቅጂው ከመረቡ ተነጥሎ በሌላ ሕንፃ፣ በተቆለፈ ካዝና ይቀመጣል፤ ያስቀመጠው ባለሙያ ብቻውን እንዲያጠፋው አይፈቀድለትም። በየሩብ ዓመቱም አንድ ጊዜ ቅጂው ወደ ሌላ ኮምፒውተር ተመልሶ መከፈቱ ይሞከራል። የሙከራው ቀን፣ የሞከረው ሰው ስምና ውጤቱ እንደ ካዝና ቆጠራ በቃለ ጉባኤ ተፈርሞበት ለኦዲት ይቀመጣል።